ሙከራው ሲያልቅ ልጄ መድኃኒቱን ማግኘቷ ይቀጥላል?

የስምንት ዓመት ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። ቫልፕሮኤትም ሌቬቲራሴታምም የተባሉት መድኃኒቶች ተሞክረው አልቆመላትም። አሁን ሐኪሟ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ፣ ማለትም በብዙ ሕሙማን ላይ የሚፈተንበት ደረጃ ላይ፣ በደረሰ የአዲስ መድኃኒት ሙከራ እንድትሳተፍ ሐሳብ አቅርቦልናል። የቀድሞዎቹን ሳታቋርጥ፣ በዕጣ ወይ አዲሱን ወይ ፕላሴቦ፣ ማለትም ፈዋሽ ነገር የሌለበትን አምሳያ፣ ትወስዳለች። የትኛው እንደደረሳት እኛም ሐኪሞቹም አናውቅም። ይህ አያስጨንቀኝም፤ ያለዚያ መድኃኒቱ መሥራቱ በምን ይታወቃል? በፈለግን ጊዜ መውጣትም እንችላለን። እሷም ተጠይቃ «ደም ከቀኝ እጄ ካልወሰዳችሁ እሺ» ብላለች፤ ሥዕል የምትሥለው በቀኟ ነው።

የያዘኝ የስምምነት ቅጹ መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት፦ «ጥናቱ ሲጠናቀቅ የጥናቱ መድኃኒት መሰጠቱ ይቆማል።» ቢሠራላትስ? መድኃኒቱ ገና ገበያ ላይ የለም፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ሕመሙ ሊብስ ይችላል። በሰዎች ላይ ለሚደረግ የሕክምና ምርምር ዓለም አቀፍ የሥነ ምግባር መመሪያ የሆነው የሄልሲንኪ መግለጫ፣ ሙከራው የጠቀማቸው ሰዎች ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን የሚያገኙበት መንገድ አስቀድሞ እንዲዘጋጅና ፈቃድ ሲጠየቁም እንዲነገራቸው ይላል። የጥናቱን አስተባባሪ ብጠይቃት «ያኔ እናያለን» አለችኝ። ጥናቱን የሚቆጣጠረው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ስልክ ቅጹ ላይ አለ፤ ግን እንደ ከሳሽ ታይቼ ልጄን ቦታ እንዳላሳጣት እፈራለሁ።

በዚህ ያለፋችሁ ወይም ሙያው ያላችሁ፦ ከመፈረሜ በፊት የመድኃኒቱን መቀጠል በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልኝ የምጠይቀው ዋና ተመራማሪውን ነው ወይስ ኮሚቴውን?