ፒሲአር (ዲኤንኤ ማባዣው) ሦስቴ ባዶ ወጣብኝ፣ ሐሙስ ውጤት ማሳየት አለብኝ

ሰላም_ጎንደር፦
እባካችሁ ቶሎ። የባዮኬሚስትሪ ማስተርስ ሥራዬ ነው። ከ40 የደም ናሙና ዲኤንኤ በሳልቲንግ አውት (ፕሮቲኑን በጨው አስወግጄ) አወጣሁ። ናኖድሮፕ (የዲኤንኤ ንጽሕናና መጠን መለኪያው) 1.82፣ በማይክሮሊትር ወደ 100 ናኖግራም። ፒሲአር ሦስቴ ሠራሁ፣ ውጤቱ የሚታይበት ጄል ባዶ። አኒሊንጉን (ፕራይመር፣ ማለትም የማባዛቱ መነሻ አጭር ዲኤንኤ፣ የሚጣበቅበትን ሙቀት) ከ58 ወደ 54 ዲግሪ አወረድኩት፣ ያው ነው። ፕራይመሩም እያለቀ ነው።

ጄል_አብሳይ፦
ላደሩስ (የመጠን ማነጻጸሪያው) ወጥቷል? ካልወጣ ሽቦውን ገልብጠሽዋል። ዲኤንኤ የሚሮጠው ወደ ቀዩ ነው፤ ጉድጓዶቹን በጥቁሩ በኩል አድርጊ። ያለዚያ ለቡፈሩ ግብር እየከፈልሽ ነው 😀

ሰላም_ጎንደር፦
ላደሩ ጥርት ብሎ ወጥቷል።

ማጌ25፦
ማግኒዥየም ጨምሪ። 2.5 ሚሊሞላር አድርሺው።

ጋሽ_ፒፔት፦
ልጄ፣ ኮንትሮል የሌለው ፒሲአር ፒሲአር አይባልም። አንድ ቱቦ ቀድሞ ባንድ (ጄሉ ላይ መስመር) የሰጠ ዲኤንኤ፣ አንድ ቱቦ ውሃ ብቻ። ለ25 ማይክሮሊትር (ልኩ ሁሉ በማይክሮሊትር)፦ 10ኤክስ ቡፈር 2.5፣ ባለ 25 ሚሊሞላር ማግኒዥየም ክሎራይድ 1.5 (ቡፈሩ ውስጥ ካለ ተዪው)፣ ባለ 10 ሚሊሞላር ዲኤንቲፒ (የዲኤንኤ መገንቢያው) 0.5፣ ባለ 10 ማይክሮሞላር ፕራይመር እያንዳንዱ 0.5፣ ታክ (አባዢው ኢንዛይም) 0.2፣ ዲኤንኤ 1፣ የቀረው ውሃ። ደረቅ ፕራይመር ሲመጣ ቱቦው ላይ ያለውን ናኖሞል በ10 አባዢ፤ ያን ያህል ማይክሮሊትር ውሃ ስትጨምሪ 100 ማይክሮሞላር ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሳያቀጥን ይጨምረዋል። መብራት በጠፋ ቁጥር የሚቀልጥና የሚጠነክር ዲኤንቲፒም ይበላሻል፣ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍይው። ፕሮቴኔዝ ኬን (ፕሮቲን የሚፈጨውን ኢንዛይም) በውሃ ውስጥ 95 ላይ አጠፋለሁ የምትሉም፣ ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው 93 አካባቢ ነው፤ ሂት ብሎክ ተጠቀሙ።

ጄል_አብሳይ፦
ጋሼ፣ ሽሮው የማይበስልልኝ ለካ ለዚህ ነው።

ሰላም_ጎንደር፦
ጋሼ፣ የውሃ ኮንትሮል አለኝ። እሱ ላይ ከታች ፕራይመር ዳይመር (እርስ በርስ የተጣበቀ ፕራይመር) ይታያል፣ ናሙናዎቹ ላይ ግን እሱም የለም። ከፍሪጅ የወጣ ሌላ ዲኤንኤ ደግሞ ባንድ ሰጥቷል።

ስውር_ባንድ፦
ታዲያ ፒሲአርሽ ምን አጠፋ? ውሃው ላይ ታኩ ሠርቷል፤ ናሙናሽ ሲገባ ቆመ። ናሙናው ውስጥ የሚያስረው ነገር አለ ማለት ነው። ደሙ የተቀዳበት ቱቦ ክዳኑ ምን ቀለም ነው?

ሰላም_ጎንደር፦
አረንጓዴ። ወይን ጠጁ አልቆ ነበር። ምን አገናኘው?

ማጌ25፦
ማግኒዥየሙን ሞከርሽው?

ስውር_ባንድ፦
አረንጓዴው ሄፓሪን ነው፣ ወይን ጠጁ ኢዲቲኤ፤ ሁለቱም ደም እንዳይረጋ የሚገቡ ናቸው። ሄፓሪን ከዲኤንኤው ጋር አብሮ ይወጣና ታኩን ያስራል፤ 1.82 ማለት ፕሮቲን የለም ማለት እንጂ ሄፓሪን የለም ማለት አይደለም፣ ናኖድሮፕ አያየውም። ፕራይመር ሳታባክኚ አረጋግጪ፦ ባንድ የሰጠሽን ዲኤንኤ በሁለት ቱቦ አድርጊ፣ በአንዱ ላይ ከናሙናሽ 1 ማይክሮሊትር ጨምሪ። የተጨመረበት ከጠፋ ምርመራው አለቀ። ከዚያ ናሙናውን 1 ለ10 እና 1 ለ50 አቅጥነሽ ሞክሪ፤ 2 ናኖግራም የሰው ዲኤንኤ እንኳ 600 ያህል ቅጂ ይይዛል፣ ይበቃል። በኢታኖል ደግሜ ላዝቅጠው እንዳትዪ፣ ሄፓሪኑም አብሮ ይዘቅጣል። ካልሆነ ሄፓሪንን የሚቆራርጥ ሄፓሪኔዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ እሱም ከጠፋ ከቀሪዎቹ ሰዎች ደሙን በኢዲቲኤ ቱቦ ቅጂ።

ጋሽ_ፒፔት፦
ይህስ ልክ ነው። ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ የቱቦው ቀለም ቢጻፍ ኖሮ የእኔ ትምህርት ባልረዘመ።

ዲኤንኤ_ፈላጊ፦
ሰላም፣ ማቅጠኑ ሠራ? እኔም አረንጓዴ ቱቦ ውስጥ ያለ 60 ናሙና ይዣለሁ።