አጫዋቹ ዳይሱን ደብቆ ቢዋሽ ነውር ነው?

አጫዋቹ፦ ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ታሪኩ ግን ትንሽ ይረዝማል። ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ አጫውታለሁ። ለማያውቀው ሰው፦ ጠረጴዛ ከበን እንቀመጣለን። እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባሕሪ ሚና ይይዛል። ዓለሙን፣ ጠላቱን፣ የቀረውን ሁሉ አጫዋቹ ይይዛል። ውጤቱ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይፈርዳል።

ባለፈው ጨዋታ የአንዷ ተጫዋች ገጸ ባሕሪ ቆስላ ወደቀች። በ5ኛው እትም ሕግ የወደቀ ሰው በየተራው ዳይስ ይወረውርለታል። 10ና ከዚያ በላይ ከመጣ ደህና፣ ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ስሕተት። ሦስት ስሕተት ከሞላ ሞተ። እሷ አንድ ስታለች። ቀጥሎ ተራው የጭራቁ ነበር፤ አጠገቧ ቆሟል። ራሱን የሳተ ሰው በቅርብ ከተመታ ምቱ እንደ ሁለት ስሕተት ይቆጠራል። ተጫዋቾቹ ዳይሴን እንዳያዩ ከማቆመው መከለያ ጀርባ ወረወርኩ። 17 መጣ፤ ጭራቁ መታት፣ ሦስቱ ስሕተት ሞላ። አለቀላት ማለት ነው።

«ሳተ» አልኩ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ነገሩ ይከነክነኛል። አጠፋሁ?

ሃያ ገጽ፦ አዎ፣ አጥፍተሃል። 17ቱ ካልቆጠረ ከዚያ በፊት የወረወራችሁት ሁሉ አልቆጠረም። ጋሻ ለመግዛት ወርቁን የጨረሰው ጓደኛዋ ምን ይበል? የመጨረሻዋን መድኃኒት ላጠጣት ወይስ ለራሴ ላስቀር ብሎ የተጨነቀውስ? የሱ ጭንቀት ትርጉም የሚኖረው ሞት የምር ሲሆን ነው። አንተ በአንዲት ቃል የሁሉንም ውሳኔ ባዶ አደረግከው።

ተረት ወዳጅ፦ እኔ ደግሞ እጅህ ይባረክ ባይ ነኝ። ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሰበሰበው ቁጥር ለመደመር አይደለም። ልጅቷ ስንት ወር የጠፋ ወንድሟን ስትፈልግ ከርማ፣ ልታገኘው ስትል ስም የሌለው ጭራቅ በር ላይ ይግደላት? «ተረት ተረት» ብለህ ጀምረህ፣ «የላም በረት» ብለን አፋችንን ሳንዘጋ «ጀግናዋን ጅብ በላት፣ አለቀ» ብትለን ማን ይሰማሃል?

ሃያ ገጽ፦ መጨረሻው ከታወቀ ዳይሱ ለምን አስፈለገ? ቁጭ ብለሽ ልቦለድ ጻፊ። የዚህ ጨዋታ ጥፍጥናው ማንም፣ አጫዋቹም ጭምር፣ ቀጥሎ የሚመጣውን አለማወቁ ነው። በር ላይ መሞቷ ራሱ ታሪክ ነው። ወንድሟን ሄዶ ማን ያረዳዋል? ከዚያ በላይ ምን ታሪክ ትፈልጊያለሽ?

ተረት ወዳጅ፦ እሺ፣ መርዶው ጥሩ ትዕይንት ይወጣዋል። እዚህ ላይ ይዘኸኛል። ግን በመርዶው ትዕይንት ላይ እሷ የለችም። አዲስ ገጸ ባሕሪ ለመሥራት ወረቀት ይዛ ጥግ ተቀምጣለች።

ዝምተኛው፦ እኔ የምመጣው ጓደኞቼን ለማየት ነው። ሳቅ እስካለ ድረስ 17ም 3ም ለኔ አንድ ነው። ጥሉን ቀጥሉ።

የድሮ ሰው፦ ልጆች፣ ይሄ ክርክር ከጨዋታው ራሱ ይበልጣል፤ በዕድሜ ማለቴ ነው። በፈረንጆቹ 1824 ራይስቪትስ የሚባል የፕሩሲያ መኮንን የጦርነት ጨዋታ አሳተመ። ካርታ አለው፣ ዳይስ አለው፣ የጉዳት ሠንጠረዥ አለው፣ ዳኛም አለው። ሕጉ ግን በጣም በዛ። በ1876 ፌርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለ ሌላ መኮንን መጣና «ሠንጠረዡን ተዉት፣ ልምድ ያለው ዳኛ ይፍረድ» አለ። ሃያ ገጽና ተረት ወዳጅ የሚነታረኩት በዚሁ ነው። ጋይጋክስና አርነሰን በ1974 ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስን ያወጡት ከጦርነት ጨዋታ ተነሥተው ነው። ስለዚህ ሁለቱም ደም በውስጡ አለ።

የኔን ልንገራችሁ። ሞት አልፈራም፣ ተጫዋቾቼም ያውቃሉ። ወጥመድ ይኖራል ብለው ወለሉን በእንጨት ሳይነካኩ አይራመዱም። ጭራቅ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት መሸሻው የት እንደሆነ ነው። ዳይስም የምወረውረው በግልጽ ነው። ታዲያ ጨካኝ ነኝ? አይደለሁም። ምሕረቴ ግን ከመወርወሬ በፊት ያልቃል። ጭራቁ የወደቀችውን ለምን ይመታል? ገና ሰይፍ ይዘው የቆሙ ሦስት ሰዎች ከፊቱ አሉ! ወይ ወደነሱ ይዞራል፣ ወይ እግሯን ይዞ እየጎተተ ወደ ዋሻው ይሮጣል። እንድትሞት ካልፈለግክ ዳይሱን አታንሣ። ካነሣኸው ግን የመጣውን ተቀበል።

ተረት ወዳጅ፦ የጎተታው ነገር ግሩም ነው፤ ልሰርቅህ ነው። ግን ጥፋቱ የአጫዋቹ ብቻ አይምሰላችሁ፤ የሕጉም ነው። በፈረንጆቹ 2010 የወጣውን አፖካሊፕስ ወርልድ የሚባል ሌላ ጨዋታ ውሰዱ። ተጫዋቹ ባለ 6 ገጽ ሁለት ዳይስ ይወረውርና በገጸ ባሕሪው ችሎታ ነጥብ ያስተካክለዋል። 10ና በላይ ከሆነ ተሳካለት። ከ7 እስከ 9 ከሆነ ይሳካለታል፣ ግን አንድ ነገር ያስከፍለዋል። 6ና በታች ከሆነ ጉድ ይፈላል። አጫዋቹ ዳይስ የሚባል ነገር አይነካም። ስለዚህ የሚደብቀው የለም፤ መከለያም አያስፈልገውም። እዚያ ብትሆኑ ኖሮ ይሄ ጥያቄ አይነሣም ነበር።

ሃያ ገጽ፦ መድኃኒቱ ሁልጊዜ «ሌላ ጨዋታ ተጫወቱ» ነው። ሰዎቹ የመረጡት ይሄን ነው!

ዝምተኛው፦ በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ ሮን ኤድዋርድስ የሚባል የጨዋታ ደራሲ ተጫዋቹን በሚጫወትበት ምክንያት በሦስት ከፍሎት የለ? ለፉክክር፣ ለታሪክ፣ ዓለሙን እንደ እውነተኛ ለመኖር። እኔን የት ሊያስገባኝ ነው? አንድ ምሽት ላይ ሦስቱንም እሆናለሁ። ሲመሽ ደግሞ እንቅልፋም እሆናለሁ፤ እሱ አራተኛ ነው።

ሦስተኛዋ ወንበር፦ ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። የሞተችው፣ ማለቴ ያልሞተችው፣ የኔ ናት።

ዋሽተህ እንደነበር ያኔውኑ አውቄአለሁ። አንተ ስትስት ሁልጊዜ ቁጥሩን ትጠራለህ። «5፣ ሳተ»፣ «8፣ ሳተ»። ያን ቀን ቁጥር አልጠራህም። ዳይሱንም በደንብ ሳይቆም አፈስከው። ሌሎቹ ሲጮኹ እኔም አብሬ ጮኽኩ፤ ምን ልበል? ለኔ ብለህ እንደሆነ ገብቶኛል፣ አልተቀየምኩህም።

ግን ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተጫውተናል። በሁለቱም ውጊያ ላይ ስልኬን ስነካካ ነበር። ድልድዩ ላይ ያን ሁሉ ቀስት ችላ ብዬ በመሃል ስሮጥ «ጀግና!» አላችሁኝ። ጀግንነት አልነበረም። እንደማትገድለኝ ስላወቅሁ ነው።

ተረት ወዳጅ፦ ኧረ! ይሄ እኔንም ነካኝ።

ሃያ ገጽ፦ ምንም አልልም።

የድሮ ሰው፦ በል እንግዲህ አንተ ልጅ፣ መልስ ስጣት። የጠየቅከው አንተ ነህ።

አጫዋቹ፦ ቁጥሩን እንደምጠራ እኔ ራሴ አላውቅም ነበር።

እሺ። በሚቀጥለው መከለያውን አላመጣም። ጭራቆቹ ግን ማንን እንደሚመቱ አሁንም የምወስነው እኔ ነኝ፤ እሱን ለዳይሱ አልሰጥም። አንቺ ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። 17ቱን ልመልሰው ወይስ ይቅር?

ሦስተኛዋ ወንበር፦ ይቅር። ወንድሟን ላግኘው መጀመሪያ። ከዚያ በኋላ ግን በግልጽ ወርውር፣ እኔም ስልኬን ቦርሳ ውስጥ እከታለሁ።

ሃያ ገጽ፦ «መጀመሪያ» ነው የምትለው እንግዲህ!

ዝምተኛው፦ ተዋት ባክህ።