ከሳይት የወጣው የዝናብ ውሃ 310 ኤንቲዩ አሳየ፤ ምን ላድርግ?

አዲሷ መሐንዲስ (ጠያቂ)፦
ሰላም ወገኖች። የግንባታ ሳይት መሐንዲስ ነኝ። የአካባቢ ጥበቃውን ይዞ የነበረው ባልደረባችን ሥራ ሲለቅ ፋይሉ እኔ ላይ ወደቀ። ፈቃዳችን በየሳምንቱ ከሳይት ከሚወጣው የዝናብ ውሃ ናሙና ውሰዱ ይላል። ድፍርስነቱ ከ25 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ አሃድ ነው) ካለፈ አስተካክሉ፣ 250 ከደረሰ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፈቃድ ሰጪው ደውሉ ይላል።

ትናንት ዶፍ ወረደ። 11 ሰዓት ላይ በታችኛው መውጫ ስለካ 310 መጣ። ዛሬ ጠዋት ማናጀሩን ሳማክረው «ውሃው ነገ ይጠራል፣ ያኔ ለክተሽ እሱን ጻፊ» አለኝ። እንዲህ ማድረግ ይቻላል? ደግሞ ባለፈው ወር ዝናብ ስላልነበረ ጠብታ ውሃ አልወጣም። ለእሱም ሪፖርት ይላካል?

ደለል ጠባቂ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ደውዪ፤ የእኛን መልስ በኋላ ታነቢዋለሽ። ሰዓቱ መቁጠር የጀመረው ትናንት ቁጥሩን ስታዪ ነው። ስለዚህ ዛሬ እስከ 11 ሰዓት ብቻ ነው ያለሽ።

ስትደውዪ ታሪክ አታብዢ። የፈቃዱን ቁጥር፣ መውጫው የቱ እንደሆነ፣ የተለካበትን ሰዓት፣ 310ን፣ አሁን ምን እየሠራችሁ እንደሆነ ንገሪያቸው። ያነጋገርሽውን ሰው ስምና ሰዓቱን መዝገብ ላይ አስፍሪ።

ነገ 20 ቢመጣ እንኳ 310 አይፋቅም። ሁለቱም ይጻፋሉ። አንድ ቀን ከፍ ያለ ቁጥር ብዙ ሳይት ላይ ይመጣል፣ ተቆጣጣሪዎችም ያውቁታል። ቁጥር መደበቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ በሐሰት ሪፖርት ያስጠይቃል። የሚጠየቀው ደግሞ የፈረመው ሰው ነው።

የጠቀስሻቸው ቁጥሮች የአሜሪካው የዋሽንግተን ስቴት ፈቃድ ላይ ያሉት ናቸው። እዚያ 250 ከደረሰ በኋላ ውሃው 25 እስኪወርድ ወይም መውጣቱን እስኪያቆም ድረስ በየቀኑ ይለካል። የሳይቱ የብክለት መከላከያ እቅድ በ7 ቀን ይከለሳል፣ ማስተካከያው በ10 ቀን ያልቃል። ወርሃዊው ሪፖርት ደግሞ ወሩ ባለቀ በ15 ቀን ውስጥ ይገባል። ውሃ ባልወጣበት ወርም «ፍሳሽ አልነበረም» ተብሎ ይላካል። ያለፈውን ወር ካልላካችሁ ዛሬውኑ ላኩት።

የላብራቶሪ ሰው፦
በስልኩ እስማማለሁ። ግን ናሙናውን እንዴት ነው የወሰድሽው? ጠርሙሱ የቦዩን ወለል ከነካ ወይም ራስሽ ከላይ በኩል ቆመሽ ጭቃውን ካነሳሽው የለካሽው ጫማሽን ነው። ከታች በኩል ቁሚ፣ የጠርሙሱን አፍ ወደ ውሃው መምጫ አዙሪ፣ ከወራጁ መሃል ቅጂ።

መለኪያው ላይም ብዙ ሰው ይሳሳታል። አሸዋው ስለሚዘቅጥ ወደ ትንሿ ብልቃጥ ከመገልበጥሽ በፊት ጠርሙሱን ቀስ አድርገሽ አገላብጪው። አረፋው ይውጣ። ብልቃጧን ከውጭ በኩል ጥረጊያት፤ የጣት አሻራ ብቻውን ቁጥር ይጨምራል። መሣሪያው መቼ ካሊብሬት እንደተደረገም (ትክክል መለካቱ መቼ ተፈትሾ እንደተስተካከለ) ይመዝገብ።

ፒኤች (የውሃው አሲድነት ወይም አልካሊነት ልክ) ከሆነ የምትለኪው እዚያው በ15 ደቂቃ ውስጥ ነው፣ ቢሮ ድረስ አይጠብቅም። ድፍርስነት በቅዝቃዜ ከተያዘ እስከ 48 ሰዓት ይቆያል።

ናሙናው ተበላሽቷል ብለሽ ብታስቢ እንኳ የመጀመሪያውን ቁጥር አትጣዪ። ድጋሚ ለክተሽ ምክንያቱን ከጎኑ ጻፊ።

ፎርማን ነበርኩ፦
ሁላችሁም ስለ ወረቀት ነው የምታወሩት። ጭቃው ከየት መጣ?

ቦት ጫማሽን አድርጊና ከመውጫው ወደ ላይ ተከትለሽ ሂጂ። እኔ በነበርኩባቸው ሳይቶች ከአሥር ዘጠኙ ጊዜ ጥፋተኛው የደለል ማገጃው ጨርቅ ነበር። ሥሩ ስላልተቀበረ ውሃው ከታች ሾልኮ ያልፋል፣ ጨርቁ ደግሞ ለፎቶ ቆሞ ይታያል! ከኋላው ደለል የቁመቱን ግማሽ ሳይደርስ ይዛቅ፣ አንዳንድ ቦታ ሲሶው ላይ ዛቁ ይላሉ። ከዚያ የአፈር ክምሩን ሸፍኑ፣ የመኪና መውጫው ላይ ጠጠር ጨምሩ።

ኮንክሪት እየሞላችሁ ከሆነ የሚክሰር ማጠቢያ ጉድጓዱን እይው። ያ ውሃ ፒኤቹ 12 ይደርሳል፣ ኃይለኛ አልካሊ ነው። ጥርት ብሎ ስለሚታይ ማንም አይጠረጥረውም።

በቀለ ዝናቡ፦
ሌሎች አንባቢዎች የእሷን ቁጥሮች እንዳትገለብጡ። የአሜሪካው የፌዴራል አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የ2022 ፈቃድ ለምሳሌ ለተራ ሳይት በዋናነት የሚጠይቀው በዓይን ማየትን ነው። ወይ በየ7 ቀኑ፣ ወይ በየ14 ቀኑ ሆኖ በ24 ሰዓት ውስጥ ሩብ ኢንች (6 ሚሊ ሜትር ገደማ) ከዘነበም በኋላ። የምልከታው ሪፖርት በ24 ሰዓት ውስጥ ይጻፋል፣ መዝገቡም 3 ዓመት ይቀመጣል። ድፍርስነት የሚለካው ከቁፋሮ ውስጥ ውሃ በፓምፕ ወጥቶ ጥበቃ ወደሚደረግለት ወንዝ ወይም ሐይቅ ሲለቀቅ ነው፤ የሳምንቱ አማካይ ከ50 ኤንቲዩ ጋር ይነጻጸራል።

ሳይቱ ላይ የዝናብ መለኪያ ይኑር። ርካሽ ነው፣ ከብዙ ክርክርም ያድናል።

አዲሷ መሐንዲስ፦
ደወልኩ! ከ10 ደቂቃ በላይ አልፈጀም። ሴትየዋ የጠየቀችኝ ደለል ጠባቂ የዘረዘረውን ብቻ ነው። ፎርማን ነበርኩ ደግሞ ነቢይ ነህ፤ የታችኛው ጥግ ላይ ጨርቁ ሥር እጄን የሚያስገባ ቀዳዳ አገኘሁ። ቀብረነዋል። ድጋሚ ስለካ 64 ሆኗል፣ ነገም እለካለሁ። ለፈቃድ ሰጪው የሚላከውን ሪፖርት ግን ማናጀሩ «አንቺው ፈርሚ» እያለኝ ነው።

ደለል ጠባቂ፦
ጎበዝ። ድርጅቱ በጽሑፍ ካልወከለሽ አትፈርሚ። ውክልናው ለፈቃድ ሰጪው መላኩንም አረጋግጪ፣ ቅጂውንም ፋይልሽ ውስጥ አስቀምጪ።