ለቡና ማጠቢያ የሚሆን የዴስክቶፕ አፕ፦ በምን ልሥራው?

የአዌቱ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ነኝ። መርካቶ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ጎን ለጎን ኮድ እጽፋለሁ። በአጋሮ መንገድ ቡና ማጠቢያ ያላቸው አንድ ሀጂ አሉ። «ይሄን ደብተር ገላግለኝ፣ በኮምፒውተር አድርገው» አሉኝ። ቀብድ በልቻለሁ፤ መሸሽ የለም።

ሥራው ቀላል ነው። ገበሬው እሸት ቡናውን ይዞ ይመጣል፣ ይመዘናል፣ ኪሎውና የዕለቱ ዋጋ ይመዘገባል፣ ደረሰኝ ይወጣል። ማታ ድምሩን ሀጂ ያያሉ። በቃ።

መከራው ማሽኑ ነው። 4 ጊጋ ራም፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 7። «አዲስ ይገዛ» ብላቸው «ይሄኛው ምን ሆነ?» አሉኝ። ኢንተርኔት የለም። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ድርግም ነው።

አምና ኅዳር ላይ ፕሪንተር ልሠራላቸው ሄጄ ሚዛኑ አጠገብ ግማሽ ቀን ተቀምጫለሁ። መዛኟ ልጅ በግራ እጇ ጆንያውን ታስተካክላለች፣ በቀኝ እጇ ትጽፋለች። ጣቶቿ በእሸቱ ጭማቂ ተጣብቀው እስክሪብቶውም አብሮ ይጣበቃል። ከኋላ በቅሎ፣ ሞተር፣ ባጃጅ ተሰልፏል። አንዱን ገበሬ መዝግባ ወረቀቱን ቀዳ እስክትሰጠው ሌላው ጆንያውን አውርዶ ጨርሷል። ይህቺ ልጅ ማውዝ ፍለጋ ዓይኗን ከሚዛኑ ታነሣለች ብዬ አላስብም።

እኔ የምችለው ዌብ ስለሆነ በኤሌክትሮን፣ ማለትም በዌብ ኮድ የዴስክቶፕ አፕ በሚያሠራው፣ ጀመርኩ። የእኔ ላፕቶፕ ላይ ሙሽራ ነበር። እዚያ ማሽን ላይ ግን አዲሱ ሥሪት ጭራሽ አልነሣም አለ። ዊንዶውስ 7ን የሚቀበለው የመጨረሻው 22 መሆኑን ደርሼበት ወደዚያ መለስኩት። ተነሣ፤ ግን እስኪከፈት አቦሉ አልቆ ቶና ይደርሳል።

እስቲ ምከሩኝ። ስለ አፕ መሥሪያዎቹ፣ ስለ ዊንፎርምስ፣ ደብሊው ፒ ኤፍ፣ ኪውት፣ ታውሪ፣ ፍለተር ሁሉንም አንብቤያለሁ፤ ሁሉም ራሱን ያሞግሳል። እኔ የምፈልገው አማርኛና ቁቤ በደንብ እንዲታይ፣ የእኛን ቀን መቁጠሪያ እንዲያውቅና ከሚዛኑ በሲሪያል ገመድ ኪሎውን እንዲያነብ ነው። መስከረም ሳይጠባ ማስረከብ አለብኝ።

ዜሮአንድ

ብሮ፣ ዌብ የምትችል ከሆነ ታውሪ። ኤሌክትሮን ክሮሚየም የሚባለውን ብራውዘርና ኖድ የሚባለውን የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ ተሸክሞ ስለሚሄድ ነው የከበደህ። ታውሪ ግን ሲስተሙ ላይ ባለው ዌብቪው (የዌብ ገጽ ማሳያ) ነው የሚጠቀመው፤ ኢንስቶለሩ ጥቂት ሜጋባይት ነው። የጻፍከው ኤችቲኤምኤል እንዳለ ይገባል። በዚያ ላይ ጃቫስክሪፕት የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ ያውቃል፣ ቀኑን ቀይሮ ያሳይልሃል።

አሮጌው ገመድ

ዜሮአንድ፣ ልጁ እኮ ማሽኑ ዊንዶውስ 7 ነው ብሎሃል። የዊንዶውሱ ዌብቪው 2 እዚያ ላይ ሥሪት 109 ላይ ቆሟል፣ ኢንተርኔት በሌለበት እሱንም በፍላሽ ተሸክሞ ሄዶ መጫን አለበት። ይሠራ ይሆናል፤ ግን ቀብድ በተበላበት ሥራ ላይ አይሞከርም።

የአዌቱ ልጅ፣ አንተ ዊንፎርምስ ሥራ። አዎ፣ በፈረንጆቹ 2002 የወጣ ነው፣ ያስቃል። ግን የሚሠራበት ዶት ኔት 4.8 ዊንዶውስ 7 ሰርቪስ ፓክ 1 ላይ ይጫናል፣ ከመስመር ውጭ የሚጫን ፋይልም አለው። ሲሪያል ፖርት ማንበቢያው አብሮት ነው የሚመጣው። ደብሊው ፒ ኤፍ ያምራል፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን የግራፊክስ ካርዱ ላይ ይደገፋል፣ የእዚያ ማሽን ድራይቨር ደግሞ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ አንተ ታውቃለህ። ኪውትም ጎበዝ ነው፤ ሥሪት 6 ግን ዊንዶውስ 10 ይላል፣ ለ7 ወደ 5.15 ልትወርድ ነው። ቋንቋው ሲ ፕላስ ፕላስ ደግሞ በሁለት ሳምንት አይለመድም።

ከሚዛኑ ጋር የምትጣላበትን ልንገርህ። ከፖርቱ የሚመጣው ቁጥር በሌላ ትሬድ፣ ማለትም ከስክሪኑ ጎን ለጎን በሚሄድ ሌላ የሥራ መስመር ነው የሚደርስህ። ቀጥታ ቴክስት ቦክሱ ውስጥ ልክተት ካልክ ስህተት ይወረውርብሃል። ሥራውን ወደ ስክሪኑ መስመር የሚያሻግረውን ኢንቮክ የሚባለውን ተጠቀም። ደግሞ ጆንያው እየተወዛወዘ የሚመጣውን ቁጥር አትቀበል፤ ተመሳሳይ ኪሎ ደጋግሞ ሲመጣ ብቻ ያዝ። እኔ አንድ እህል መጋዘን ውስጥ ይሄን ሳላደርግ ቀርቼ የአንዱን ሰው በቆሎ ከነእግሩ መዝግቤዋለሁ።

ዳታቤዙ ኤስኪውላይት ይሁን፣ ሁሉን በአንድ ፋይል የሚይዘው። እያንዳንዱ ገበሬ እንደተመዘነ ወዲያው ይጻፍ። «ማታ ሴቭ እናደርጋለን» የሚባል ነገር እንዳይኖር፣ መብራቱ አይጠብቅህም። ማሽኑ ድሮም ድጋፍ ያበቃለት ነው፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ከፎቶ ኮፒ ቤት የሚመጣ ፍላሽ እንዳይሰካበት አደራ።

የአዌቱ ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቀኑስ? የዊንፎርምስ ቀን መምረጫ ጳጉሜን የሚባል አያውቅም።

አሮጌው ገመድ

አያውቅም። ዶት ኔት ውስጥ የሂጅራ፣ የፋርስ፣ የዕብራይስጥ፣ የታይላንድም ሳይቀር አለ፣ የእኛ የለም። ኪውትም ጃላሊና ኢስላማዊ ጨምሯል፣ ለእኛ አልደረሰንም። ስለዚህ ራስህ ጻፈው፣ አሥር መስመር አይሞላም።

ዓመቱ ላይ 1 ቀንሰህ በ365 አባዛ። ዓመቱን ለ4 አካፍለህ ከነጥብ በኋላ ያለውን ጥለህ ደምር። ወሩ ላይ 1 ቀንሰህ በ30 አባዛና ደምር። ቀኑን ደምረህ 1 ቀንስ። መጨረሻ ላይ 1724221 ጨምር። የሚወጣው የጁሊያን ቀን ቁጥር፣ ማለትም ቀናትን በተከታታይ የሚቆጥር ቁጥር ነው፤ ከዚያ ወደ ፈረንጁ መቀየር የትም ታገኘዋለህ። መስከረም 1 ቀን 2000 ብለህ ሞክረው፤ 2454356 ካልሰጠህ ተሳስተሃል። ዳታቤዙ ውስጥ የፈረንጁን አስቀምጥ፣ ስክሪኑና ደረሰኙ ላይ የእኛን አሳይ።

ሰዓቱንም እንዳትረሳ። ጠዋት የመጣ ሰው ደረሰኙ ላይ 8:00 ተብሎ ቢወጣለት «ከሰዓት አልመጣሁም» ብሎ ይጣላሃል። ስድስት ሰዓት ቀንስና 2:00 በለው።

ጅሬን ሰፈር

እኔም ጅማ ነኝ፣ ለአንድ ፋርማሲ ተመሳሳይ ነገር ሠርቻለሁ። ከተነገረህ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ቁልፎቹን በአማርኛ ለክተህ አትሥራ። «ክብደት» አራት ፊደል ነው። በኦሮምኛ ኡልፋቲና ነው፣ በቁቤ ሲጻፍ ዘጠኝ ፊደል ይሆናል። የእኔ ፎርም ላይ ግማሹ ተቆርጦ አንድ ወር ሙሉ ሲስቁብኝ ከረሙ። ፎንት ላይም ማሽኑን አትመን። ዊንዶውስ 7 ላይ ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት አለ፤ 10 ላይ ግን እንደ አማራጭ ነው የሚጫነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነፃ ነው፣ ከአፑ ጋር አብረህ ጫነው።

ሁለተኛ፣ ልጅቷን ስም አታስጽፋት። ገበሬዎቹን አሁን በክረምቱ አስቀድመህ መዝግብና ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጥ። እሷ 214 ብላ ኢንተር ስትመታ ስሙና ቀበሌው ይምጣ። ኪሎው ከሚዛኑ ይመጣል። ድጋሚ ኢንተር፣ ደረሰኝ። በቀኝ በኩል ካለው የቁጥር ሰሌዳ ውጭ ምንም እንዳትነካ አድርግ። እዚህ ከደረስክ የሠራህበት ፍሬምወርክ የትኛውም ቢሆን እሷ ግድ የላትም።

የአዌቱ ልጅ

ተመልሻለሁ። በዊንፎርምስ ሠራሁት፣ ትናንት ወስጄ ጫንኩት። ቀና ብዬ ሳላይ ተከፈተ። ሀጂ «አሁን ተበላሸ?» አሉኝ፤ የበፊቱን መዘግየት ለምደውት ኖሯል።

ካለፈው ዓመት ደብተር የአንድ ቀን ግዢ አውጥተን መዛኟ አንድ በአንድ አስገባችው። ቆጣሪውን ሆን ብዬ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት። ማሽኑ ሲመለስ የጠፋ ገበሬ የለም፤ መሀል ላይ የነበረው አንዱ ብቻ ድጋሚ ተመዘነ። ጳጉሜን 3ም ሞከርኩ፣ አለፈ።

እሷ ግን ዝም ብላ ቆይታ «ኪሎው ከቆምኩበት አይታየኝም» አለችኝ። ለካ ሁሉን ነገር ተቀምጬ ነው የሠራሁት፤ እሷ አትቀመጥም። ቁጥሩን የስክሪኑን ግማሽ እስኪሞላ አሳደግኩት። ለኪቦርዱ ደግሞ ስስ ፕላስቲክ አለበስኩለት፣ ለጭማቂው።

አሁን ሀጂ «ይሄን ማታ ማታ በስልኬ ባየውስ?» ብለዋል። ሌላ ቀብድ ነው ብያቸዋለሁ።