ባቡሩ ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው? የቀላል ባቡር የጊዜ ሰሌዳ ክርክር

የክርክሩ መሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ርዕስ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። ለማታስታውሱ ባጭሩ ላንሳው። የቃሊቲው መስመር በመስከረም 2008፣ የአያቱ መስመር ደግሞ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሥራ ጀመሩ። ሲጀመር 41 ባቡሮችና 39 ጣቢያዎች ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ግን ከ41ዱ የሚሠሩት 8 አካባቢ ብቻ እንደሆኑ በይፋ ተነገረ። የተጠቀሰው ምክንያት የመለዋወጫና የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነበር። ጥያቄዎቹ ሁለት ናቸው። ባቡሩ ጥቂትም ቢሆን ቁርጥ ያለ የጊዜ ሰሌዳ ወጥቶ በየጣቢያው ይለጠፍ ወይስ አይለጠፍ? ቀን ላይ ቀንሶ ጠዋትና ማታ ማብዛትስ ይሻላል? ስድብ የለም። ፖለቲካ ያማረው ሌላ ቦታ ይሂድ።

የአያት ተሳፋሪ፦
ይለጠፍ ባይ ነኝ። አያት እኖራለሁ፣ ሥራዬ ሜክሲኮ ነው። በየ20 ደቂቃ ይምጣ፣ ግድ የለኝም። በየግማሽ ሰዓትም ይምጣ። ብቻ መቼ እንደሚመጣ ልወቅ። አሁን ሰው ምን ያደርጋል? ጣቢያ ደርሶ የቆመውን ሕዝብ ያያል። ሰው ከበዛ «ሊመጣ ነው» ይላል። ሰው ከሌለ «አሁን ነው ያመለጠኝ» ይላል። የጊዜ ሰሌዳችን የሰው ብዛት ሆኗል።

የመገናኛ ታክሲ ሹፌር፦
ሃሃ፣ እውነት ነው። እኛም ከሩቅ የምናየው እሱን ነው። ባቡሩ ቀጥ ሲል ሰልፉ ወደኛ ይዞራል። ገበያ ደራልህ ብላችሁ እንዳትቀኑብኝ። ሁሉም ባንዴ ይወርዳል፣ መንገዱ ይታጨቃል፣ እኔ ቆሜ ነዳጅ አቃጥላለሁ። ሰሌዳ ግን አይሠራም ባይ ነኝ። ለጥፈህ ሳትፈጽም ከምትቀር ባትለጥፍ ይሻላል። ሰው ዝም ስትለው ይታገስሃል። ቀጥረህ ስትቀርበት ነው የሚናደደው።

የአያት ተሳፋሪ፦
ወንድሜ፣ ዝም ስለተባለ የታገሰ ሰው የለም። አማራጭ ስለሌለው ነው።

ሀዲድ ላይ የሠራሁ፦
እስቲ በቁጥር እንነጋገር፣ አለበለዚያ ሁላችንም የየራሳችንን ጠዋት ነው የምናወራው። ከአያት ጦር ኃይሎች 17 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ 22 ጣቢያ አለው። ባቡሩ በሰዓት እስከ 70 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ የተሠራ ነው፤ ግን በየጣቢያው እየቆመ ስለሆነ በአማካይ 20 ይሄዳል እንበል። አንድ ጉዞ 50 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። ጫፍ ላይ ሹፌሩ ጎማ አይደለም የሚያዞረው፤ ወዲያኛው ክፍል ሄዶ፣ ፈትሾ፣ ተራ ጠብቆ ነው የሚነሳው። ደርሶ መልሱን 2 ሰዓት በሉት። አሁን አካፍሉ። መስመሩ ላይ 4 ባቡር ካለ በየ30 ደቂቃ ይመጣል። 8 ካለ በየ15። 12 ካለ በየ10።

ዋናው ነገር የሚመጣው አንዱ ሲበላሽ ነው። ከ12 አንዱ ቢቆም ልዩነቱ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፣ ማንም አያውቅም። ከ4 አንዱ ቢቆም 30ው 40 ይሆናል። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይረግማል። ስለዚህ የታክሲ ሹፌሩ ያለው ከእውነት የራቀ አይደለም። ባቡር ሲያንስ ሰሌዳ ይበልጥ ያስፈልጋል፣ ግን ለመጠበቅ ይበልጥ ከባድ የሚሆነውም ያኔ ነው።

ሌላም አለ። ከስታዲየም እስከ ልደታ ያሉት 5 ጣቢያዎች የሁለቱም መስመሮች የጋራ ናቸው። ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረዕድ፣ ልደታ። ሀዲዱም አንድ ነው። ከቃሊቲ የሚመጣው 5 ደቂቃ ዘግይቶ ስታዲየም ላይ ፊት ከገባ፣ ከአያት የሚመጣው ከኋላው ይቆማል። በሳሪስ ጥፋት የሲኤምሲ ሰው ይቀጣል ማለት ነው። ሰሌዳ ይውጣ ካላችሁ ለሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ተሰልቶ ነው መውጣት ያለበት።

የሳሪስ ልጅ፦
ሳሪስ ምን አደረገ ደግሞ?

ሀዲድ ላይ የሠራሁ፦
ምንም። ምሳሌ ነው። በተራችሁ እናንተም በአያት ጥፋት ትቀጣላችሁ።

የመርካቶ ነጋዴ፦
እኔ ሁለተኛው ጥያቄ ነው ያናደደኝ። «ቀን ላይ ቀንሶ» ያለው ማነው? ቢሮ የሚገባ ሰው ብቻ ነው እንዴ ተሳፋሪ? ከጎተራ በኩል ተነስቼ አውቶቡስ ተራ የምደርሰው ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነው። የምመለሰው 9 ሰዓት ሳይሞላ ነው፣ ልጅ ከትምህርት ቤት አለብኝ። ለመርካቶ ሰው ግፊያው ቀን ላይ ነው። ሰባተኛ፣ ጎጃም በረንዳ፣ አትክልት ተራ፣ ይህ መስመር የተሠራው ለገበያ ሰው ጭምር ነው። ጠዋትና ማታ የሚጋፋው ደሞዝተኛ ቢያንስ የመሥሪያ ቤት ሰርቪስ የሚያገኝ አለው። ለኛ ሰርቪስ ማን ይልካል?

የአያት ተሳፋሪ፦
እትዬ፣ ሰርቪስ ያለው መንግሥት ቤት የሚሠራው ነው። የግል ተቀጣሪ እንደርስዎ ነው የሚሰለፈው።

የመርካቶ ነጋዴ፦
እሺ፣ እሱን ተቀብያለሁ። ግን የኔን ባቡር ወስዳችሁ ጠዋት ላይ አትጨምሩት። የራሳችሁን ፈልጉ።

ተረኛ ነርስ፦
ሁላችሁም መሐሉን ነው የምትከራከሩት። እኔ የማውቀው ጫፍና ጫፉን ነው። የሌሊት ተረኛ ስሆን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው የምወጣው፣ እሱ ይቅር። ችግሩ የማታው ነው። አንዳንዴ ከሥራ የምወጣው ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። የመጨረሻው ባቡር ሄዷል ወይስ አልሄደም? የጣቢያው ጥበቃ «ይመጣል መሰለኝ» ይለኛል። በ«መሰለኝ» ማታ ደረጃ ወጥታ ብቻዋን የምትቆም ሴት አስቡ። ካልመጣ ኮንትራት ታክሲ ነው፣ የቀን አበሌ እዚያው ያልቃል። ሌላው ቢቀር የመጀመሪያውና የመጨረሻው ባቡር ከየጣቢያው የሚነሳበት ሰዓት ይለጠፍ። ለዚህ 41 ባቡር አያስፈልግም። ሁለት መስመር ጽሑፍ ነው።

የመገናኛ ታክሲ ሹፌር፦
እህቴ፣ በዚህስ እስማማለሁ። የመጨረሻዋ ቁርጥ ያለች ትሁን። እኛም እናውቀውና የማታውን ተራ እንደዚያው እናስተካክላለን።

ጡረታ የወጣሁ፣ ከለገሃር፦
ልጆች፣ አንድ ነገር ልበል። ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። እኔ ለገሃር አካባቢ ነው ያደግሁት። የጅቡቲው ባቡር ይዘገይ ነበር፣ ያውም ክፉኛ ነው የሚዘገየው። የመነሻው ሰዓት ግን የታወቀ ነው። ሰው ስንቁን ይዞ ቀድሞ ይመጣል። መዘግየቱን የምናውቀውም ሰዓቱን ስለምናውቅ ነው። አሁን ግን ባቡሩ ዘገየ ማለት እንኳ አይቻልም። ከምን አንጻር ነው የዘገየው?

የአያት ተሳፋሪ፦
ጋሼ፣ እጄን አነሳሁ። ይህ ነው ነጥቡ። ሰሌዳ የሌለው ባቡር ዘግይቶ አያውቅም። ተጠያቂም የለም።

የሳሪስ ልጅ፦
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያ የረጅም መንገድ ባቡር ነው። አንዱን ባቡር በሰዓት መሸኘት ቀላል ነው። እዚህ ግን ቀኑን ሙሉ ይመላለሳል። ያውም በሩ እየተገፋ። በር ላይ የተንጠለጠለው አልገባ፣ አልወርድ ሲል ያያችሁት ነው። ረዳት የለ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚል።

ሀዲድ ላይ የሠራሁ፦
ልክ ነህ። በየጣቢያው ግማሽ ደቂቃ ብቻ በግፊያ ብትጠፋ፣ 22 ጣቢያ ላይ 10 ደቂቃ ታልፋለች። ለዚህ ነው ሰሌዳ የሚሠራ ሰው ጉዞውን የሚለካው በባዶ ባቡር ሳይሆን ሰኞ ጠዋት በሚሄደው ባቡር መሆን ያለበት። በሰኞ ጠዋት ልክ ከተሠራ እሁድ ላይ ባቡሩ ቀድሞ ይደርስና ጣቢያ ላይ ሰዓቱን ይጠብቃል። አያስጎዳም።

የሜክሲኮ ሒሳብ ሠራተኛ፦
ይህ ሁሉ ጥሩ ነው። እኔ ግን ገንዘቡ ያንገበግበኛል። 475 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የመጣ ባቡር ነው። ሲጀመር ትኬቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ያ ለመለዋወጫ አይሆንም። ተሳፋሪው ትንሽ ይጨምርና የተጨመረው ለጥገና ብቻ ይዋል። ሰሌዳ ወረቀት ነው፣ ወረቀት ባቡር አይጎትትም።

የመርካቶ ነጋዴ፦
እንግዲህ መጣ! እንደምታስጨምረን አውቄ ነበር።

ተረኛ ነርስ፦
የተቸገርነው በውጭ ምንዛሪ ነው ተብሏል እኮ። እኛ በብር ብንጨምር ዶላር ይሆናል? በዚያ ላይ በርካሽነቱ ነው ሰው የሚሳፈረው።

የሜክሲኮ ሒሳብ ሠራተኛ፦
ባይሆንም ብሩም የለም እኮ አሁን። የጥበቃ፣ የመብራት፣ የጽዳት ወጪ በብር ነው።

የክርክሩ መሪ፦
ታሪፍ ለሌላ ቀን ይቆየን። ወደ ሰሌዳው እንመለስ።

የአያት ተሳፋሪ፦
እሺ፣ ሐሳቤን ላጥብበው። ሀዲድ ላይ የሠራው ወንድማችን እንዳለው፣ አንድ ብልሽት ሁሉን ያበላሻል። መልሱ ቀላል ነው። 8 የሚሠራ ባቡር መስመሩ ላይ ቢኖርህ ሰሌዳውን በ7 ሥራ። አንዱ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ይቁም። አንዱ ሲበላሽ እሱ ይገባል። በየ15 ደቂቃ ብለህ ከምታሳፍረን በየ17 በል፣ አድርሰው። ያነሰ ቃል ግባ፣ ፈጽመው። እኔ ሁለት ደቂቃ አልፈልግም፤ እርግጠኝነት ነው የምፈልገው።

የመርካቶ ነጋዴ፦
ሰው በሰው ላይ ተነባብሮ እየሄደ ጤነኛ ባቡር ቆሞ ሲያዩት ምን ይሉ ይሆን? መስኮቱን ነው የሚሰብሩት።

ሀዲድ ላይ የሠራሁ፦
እውነታቸውን ነው፣ ይህ ጭቅጭቅ አለ። ግን መጠባበቂያ የሌለው ባቡር የትም አገር ሰሌዳ አይጠብቅም። አያትና ቃሊቲ ላይ ዴፖ አለ። የሚቆመው እዚያ ነው፣ ሰው አያየውም። በግፊያ ሰዓት ሁለቱን ቀጥሎ መንዳትም አለ፣ ሲደረግ አይተናል። ያ ግን ቦታ ነው የሚጨምረው፤ ምልልሱን ያሳሳዋል። እያንዳንዱ አማራጭ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን ይነሳል።

የሳሪስ ልጅ፦
ስልክ ላይ ቢላክስ? ቴሌግራም ቻናል ይከፈትና «ከቃሊቲ ተነሳ» ይባል። ወረቀት ማን ያነባል?

ጡረታ የወጣሁ፣ ከለገሃር፦
እኔ አነባለሁ። የኔ ስልክ ለመደወል ነው።

ተረኛ ነርስ፦
ወረቀቱም ይኑር፣ ስልኩም ይኑር። ግን እባካችሁ በኛ ሰዓት ይጻፍ። «7:30» ብላችሁ በፈረንጅ ሰዓት ብትለጥፉ እናቴ ምሳዋን በልታ ነው የምትመጣው።

የመገናኛ ታክሲ ሹፌር፦
ሃሃሃ! ጠዋት አንድ ተኩል ብላችሁ በፊደል ጻፉት። ተገላገልን።

የሜክሲኮ ሒሳብ ሠራተኛ፦
እኔ አሁንም ወረቀቱ ምን እንደሚለውጥ አልገባኝም። ባቡሩ 40 ደቂቃ ቢቀር ወረቀቱን ይዤ የት ነው የምሄደው?

የአያት ተሳፋሪ፦
ታክሲ ሰልፍ ትሄዳለህ፣ በጊዜ። አሁን እኮ የሚገድለን መቅረቱ አይደለም። 10 ደቂቃ ቆመን «አሁን ይመጣል»፣ ሌላ 10 ቆመን «ይህን ያህል ከጠበቅሁማ» እያልን ነው የምናረፍደው። ሰዓቱ ቢታወቅ 5 ደቂቃ እንዳለፈ ትተህ ትወርዳለህ።

የሜክሲኮ ሒሳብ ሠራተኛ፦
እሺ፣ እሷስ ታስኬዳለች። ግን ብሩን አልተውኩትም።

የክርክሩ መሪ፦
እስካሁን ሁሉም የተስማማው በአንድ ነገር ነው፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ባቡር ሰዓት ይለጠፍ። መሐሉ ላይ በየ17 ደቂቃ ይሁን፣ መጠባበቂያ ይቁም፣ አይቁም የሚለው ሁለት ወገን ነው። የቀኑን መቀነስ የደገፈ አንድም ሰው አላየሁም። የቀረ አለ?

ሀዲድ ላይ የሠራሁ፦
እኔ እደግፍ ነበር፣ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ባቡርም እረፍት ይፈልጋል። ፍሬን፣ በር፣ ጣሪያ ላይ ያለው መብራት መቀበያ፣ እነዚህ የሚታዩት ባቡሩ ሲቆም ነው። ረፋድ ላይ ሁለት ባቡሮች ዴፖ ገብተው ካልተፈተሹ ማታ መንገድ ላይ ነው የሚፈተሹት።

የመርካቶ ነጋዴ፦
ሌሊት ላይ አይፈተሹም እንዴ? ሌሊት ምን ይሠራሉ?

ሀዲድ ላይ የሠራሁ፦
ይፈተሻሉ። ግን ሌሊት ሀዲዱና የኤሌክትሪክ መስመሩም የሚጠገኑበት ሰዓት ነው፣ ባለሙያውም ያው ነው።

የመርካቶ ነጋዴ፦
እንግዲያውስ ከ5 እስከ 7 ሰዓት ባለው አስገቡዋቸው። ያኔ እኔም ሱቅ ነኝ። 4 ሰዓትና 9 ሰዓትን ግን እንዳትነኩብኝ።