ቤተሰባችን ጎጃም ሆኖ በብዕር ስም መጻፍ ያዋጣል?

ጠያቂዋ፣ ሚኒሶታ
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሞጣ አካባቢ ኑሮ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ እናቴና ወንድሞቼ ግን እዚያው ናቸው። የብዕር ስም ብቻውን ይበቃል? ልምድ ያላችሁ ብትነግሩኝ።

መላሽ፣ ኮሎምበስ
እህቴ፣ ስም መደበቅ ቀላሉ ነው። እኔ ሁለት ዓመት በብዕር ስም ጻፍሁ። አንድ ቀን እናቴ ከቢቸና ደወለች። ማንበብ አትችልም። የጎረቤት ልጅ ስለ ማዳበሪያ እጥረት የተጻፈ ነገር ከስልኩ እያነበበላት፣ ዳልቻው በሬ ገደል የገባበት ታሪክ ላይ ሲደርስ «ይህማ የእኔ ልጅ ነው!» ብላ አስቆመችው። የነገረችኝ በደስታ ነበር። ልጁ ግን ሰምቷል፤ ከእሱ ቀጥሎ ማን እንደሰማ አላውቅም። ጽሑፉን በዚያው ሌሊት አጠፋሁት፤ ለካ ገልብጠው ያስቀመጡት ሰዎች ነበሩ።

ስለዚህ በሬውን ቀይሪው። ያየሽውን እውነት አትንኪ፤ ማን እንዳየው የሚጠቁመውን ግን አውጪ። የለቅሶውን ቀን፣ የወንዙን ስም፣ አንቺና ሦስት ሰዎች ብቻ የምታውቁትን ወሬ። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ የተነሣበትን ቦታና ሰዓት በውስጡ ይዞ ሊሄድ ይችላል። አካውንቱን በዘወትር ስልክ ቁጥርሽ ከከፈትሽው ደግሞ ቁጥርሽን ለያዘ ዘመድ ሁሉ «የምታውቀው ሰው» ተብለሽ ልትቀርቢለት ትችያለሽ። ቶር የሚባለው የኢንተርኔት መደበቂያ ፕሮግራም የምትጽፊበትን አድራሻ ይሸፍናል፤ አማርኛሽን ግን አይሸፍንም።

ሕግ ይጠብቀኛል ካልሽ፣ ለአንቺ ይጠብቅሽ ይሆናል። እዚሁ አጠገቤ ዌስተርቪል ውስጥ ማርጋሬት ማኪንታየር የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1988 የትምህርት ቤት ግብርን የሚቃወም በራሪ ወረቀት አደለች፤ በአንዳንዱ ላይ ስሟ ስላልነበረ 100 ዶላር ተቀጣች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1995 ስም ሳይገልጹ መጻፍ የመናገር ነፃነት አካል ነው ብሎ ፈረደላት፤ እሷ ግን ፍርዱን ሳትሰማ ሞታለች። ይህ ፍርድ እኔን ይሸፍነኛል። ቢቸና ያለችውን እናቴን አይሸፍናትም።

አንድ አዛውንት፣ ስቶክሆልም
ወንድሜ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን ስም የሌለው ጽሑፍ ከሐሜት የሚለየው ጸሐፊው ማስረጃ ሲያስቀምጥ ነው ባይ ነኝ። ተደብቆ ሰው የሚሳደበውን አላዝንለትም። በሌላ በኩል ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን በስማቸው ነበር የሚጽፉት፤ የመናገር ነፃነትን የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ያን ጊዜም ነበር። ስለዚህ ልጄ፣ መደበቅሽን እንደ ፍርሃት አልቆጥረውም።

ለወንድሜ ደግሞ፦ «ጻፍሁ»ን «አጠፋሁት»ን አይቼ ቢቸናን ሳትጠቅስም ከዓባይ ማዶ መሆንህን ጠርጥሬ ነበር። አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ጻፍኩ» ነው የሚለው። ተጠንቀቅ።

መላሽ፣ ኮሎምበስ
ጋሼ፣ ተያዝሁ።

ጠያቂዋ፣ ሚኒሶታ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሬ የለንም፤ ፎቶግራፉንም አልለጥፍም። የእኔ ችግር ሌላ ነው፦ እናቴ ጡረታ የወጣች የአማርኛ መምህርት ናት፤ ደብዳቤዎቼን በቀይ እስክሪብቶ አርማ ትልክልኝ ነበር። ሁለት መስመር ካነበበች ያበቃልኛል።

ይህንንም መጻፍ አልነበረብኝም መሰለኝ።