የፀደይ ሣር አጨዳና መሬት ላይ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች

ጥያቄ
አምስት ሄክታር ገደማ የሆነ የገጠር መሬት አለኝ፤ ገሚሱ ሜዳ ሲሆን የቀረው ቁጥቋጦና አንዲት ትንሽ ኩሬ ነው። ባለፈው ፀደይ ሣሩ ጉልበት ሲደርስ በማሽን አሳጨድኩ፤ በማግስቱ በታጨደው ሣር መካከል የተሰባበሩ እንቁላሎች አገኘሁ። ዘንድሮ ይህ እንዳይደገም አጨዳውን እስከ መቼ ላዘግየው? ወይስ ሜዳውን ጨርሶ ብተወው ይሻላል?

ምላሽ 1
ሣር ውስጥ ጎጆ የሚሠሩ ትናንሽ ወፎች እንቁላላቸውን ሁለት ሳምንት ገደማ ይታቀፋሉ፤ ጫጩቶቹም ከጎጆ ለመውጣት በአብዛኛው ከ10 እስከ 14 ቀናት ይፈጅባቸዋል፤ ከወጡም በኋላ ለጥቂት ቀናት በደንብ መብረር ስለማይችሉ፣ ማሽን ሲመጣ ከመሸሽ ይልቅ ባሉበት ድፍት ብለው ይቀራሉ። ጎጆ የፈረሰባቸው ወፎች ደግሞ እንደገና ስለሚጀምሩ አጨዳውን በአንድ ወር ማዘግየት ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ወላጆቹ ምግብ በአፋቸው ይዘው ወደ ሣሩ የሚመላለሱ ከሆነ፣ የቀን መቁጠሪያው ምንም ቢል ጊዜው አልደረሰም።

ምላሽ 2
በዚህ እስማማለሁ፤ ሜዳውን ጨርሶ መተው በሚለው ግን አልስማማም። ያልታጨደና ከብት ያልጋጠው ሜዳ ብዙ ጊዜ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በቁጥቋጦ ይዋጣል፤ ያን ጊዜ ገላጣ ሜዳ የሚሹት ወፎች ራሳቸው ጥለው ይሄዳሉ። እኔ ሜዳውን ለሦስት ከፍዬ በየዓመቱ አንዱን ክፍል ብቻ አጭዳለሁ። የታጨደውንም ሰብስቤ አወጣለሁ፤ እዚያው ሲበሰብስ አፈሩን ስለሚያዳብር ብርቱዎቹ ሣሮች አይለው የዱር አበቦቹን ያፍናሉና። (የአፈር መዳበር ጉዳት የሚሆንበት ቦታ እንዳለ ለመቀበል እኔም ጊዜ ወስዶብኛል።) ቁጥቋጦውንም በመራቢያ ወራት አይቁረጡት።

ምላሽ 3
ጎጆው ቢተርፍም ጫጩቶቹ የሚበሉት ከሌለ ድካሙ ከንቱ ነው። ራሳቸው ዘር የሚለቅሙት ወፎች እንኳ ብዙዎቹ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በአባጨጓሬና በሌሎች ነፍሳት ነው፤ በርካታ የአባጨጓሬ ዝርያዎች ደግሞ ከጥቂት ሀገር በቀል ዕፅዋት በቀር ሌላ አይበሉም። ስለዚህ ፀረ ተባይ መርጨቱ ይቅር። የደረቀ አገዳ፣ የወደቀ ግንድና ፀሐይ የሚያገኘው ገላጣ አፈር እንዳሉ ይቆዩ፤ በመንጋ የማይኖሩት ንቦች አብዛኞቹ ጎጇቸውን የሚቆፍሩት መሬት ውስጥ ነው። ኩሬዋ ውስጥም ዓሣ አይጨምሩ፤ የእንቁራሪት እንቁላል ይበላል።

ጠያቂው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሜዳውን ለሦስት መክፈሉን እሞክረዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ የማሽኑ ነጂ ሁልጊዜ ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል እየዞረ ነው የሚያጭደው። ይህ ጉዳት አለው?

ምላሽ 1
በጣም አለው። እንዲህ ሲታጨድ እንስሳቱ እየጠበበች በምትሄደው የመሃል ሣር ውስጥ ይከበባሉ፤ የመጨረሻው ዙር ሲደርስም መውጫ አይኖራቸውም። ነጂው በመጀመሪያ ለመዞሪያ የሚሆነውን ሁለቱን ጫፍ ብቻ ይጨድ፤ ከዚያ ከመሃል ተነሥቶ በዝግታ ወደ ዳር ይሂድ፤ ከቁጥቋጦው አጠገብ ያለውን ሣር ሳይነካ ቢተወው ደግሞ የሸሹት መጠጊያ ያገኛሉ። የማሽኑም ስለት ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ይበል።